ሽቶ የማያድርበት ቆዳ

ሰቆጣ ውስጥ እንደኔ ያለ አፍንጫ ያለው ሰው የለም። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ እውነት ነውና። ፊደልን ያለ አስተማሪ ከሳሙና መጠቅለያና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለይቻለሁ። የሞተ ራዲዮ ፈታትቼ ገጥሜ ዜና አስወርቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ መነጽር ሳላደርግ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ከሁሉም በላይ የምኮራው ግን በአፍንጫዬ ነው። ሌላውን ማንም ቢጥር ይማረዋል፤ አፍንጫዬን ግን ይዤው ነው የተወለድኩት።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ የልጅ ልጅ ዝናሽ ከጅዳ ተመለሰች። ልጃገረዶቻችን ዓረብ አገር መሄድ ከጀመሩ ወዲህ ከሚመለሱት ሁሉ ሻንጣ አዲስ ጠረን ይወጣል፤ የዝናሽ ግን ይለያል። ልትጠይቀኝ መጥታ ጣት የሚያካክሉ ብልቃጦች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች። የዘይት ሽቶ ነው አለችኝ። እዚያ አገር ሰው የሚገዛው እጁ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ገበያውን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ ተመልሶ ካሸተተው በኋላ ነው አለችኝ።

"አያ፣ እጅዎን ይስጡኝ" ስትል ሁለቱንም ዘረጋሁላት፤ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ።

ዑድ የሚሉት የእንጨት ሽቶ መጀመሪያ የጫማ ማስቲሽ ሸተተኝ። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው። እኔ ቆየሁ። ማስቲሹ ሄደና አሮጌ የጥድ በር ፀሐይ ሲመታው የሚሰጠው ጠረን መጣ። ምስኩ በሷ ክንድ ላይ የታጠበ ሕፃን ራስ ሆነ፤ በኔ ላይ ግን ከሳጥን የወጣ ጋቢ። ሰንደሉ እኔን ወደደኝ፤ በታጠነ ቅል ውስጥ ያደረ ወተት ሆነልኝ። በሷ ላይ ግን የተቀረጸ እርሳስ ብቻ ነበር። ነገርኳት፤ አኮረፈች።

ጽጌረዳውን ስትከፍት እጇን አዳለጣትና ጠብታው የነጠላዋ ጥለት ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ከዚያ ሳላስበው ብድግ ብዬ በሩ ጋ ደረስኩ።

"ምን ሆኑ አያ?"

"ንብ" አልኳት።

ዙሪያዋን አየች። አንድም ንብ አልነበረም። ልጅቷ ሽማግሌው ጃጅቷል ብላ እንዳትሄድ ቁጭ አድርጌ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ፤ ከኔ በቀር ያየው ሰው አልቀረምና።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወይም አሥር፤ የጻፈልኝ የለም። አባትና እናቴ ፃግብጂ ነበሩ። እኔ ግን የምኖረው ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ከአባቴ እህት ከትርንጎ ጋር ነው። ባሏ ሲሞት ብቻዋን እንዳትሆን ብለው ሰጧት። እቴቴ እላት ነበር። ቤት ውስጥ የምናወራው በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛውን የምናወጣው ለገበያና ለሽማግሌ ነበር። በነገራችን ላይ አማርኛዬ ያኔም ጥሩ ነበር።

እቴቴ ረጅም ሴት ነበረች። ስትቆጣኝ እንኳ ቀስ ብላ ነው። እጇን ስታነሳ፣ ስትዞር፣ በር ስትከፍት አንድ የተኛ ነገር እንዳይነቃ የምትጠነቀቅ ትመስል ነበር። ባሏ ከጥቂት ማሳ ሌላ የተወላት አሥራ ስምንት ቀፎ ነው። ጥቂቱ ከቤቱ ግድግዳ ውስጥ፣ ብዙው ከጓሮ ካለው ዳስ ሥር ተደርድሯል። ክረምቱ ወጥቶ ማንጠሴ የምንለው ቁጥቋጦ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ጓሮው ቀኑን ሙሉ ያጉረመርም ነበር። እኔ በዚያ ድምፅ ተኝቼ በዚያ ድምፅ እነቃለሁ።

ሥራዬ ሰም ማድረስ ነበር። እቴቴ የቀለጠውን ሰም እንደ ድፎ ታረጋውና በጨርቅ ጠቅልላ ታሸክመኛለች፤ እኔ ሰቆጣ ገበያ ዳር ለሚቀመጠው ለነጋዴው ለሰይድ አደርሳለሁ። ሰይድ ክረምቱ ሲወጣ ከደሴ በኩል ሁለት በቅሎ ጭኖ ይመጣል፣ አንድ ክፍል ይከራያል፣ ሰም ሰብስቦ ይመለሳል። መርፌ፣ ክር፣ መስታወት ይሸጣል። ሰው ግን ሰይድ ብልቃጥ ነበር የሚለው፤ ጥጥ በተነጠፈበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ሦስት ብልቃጥና አንድ ቀንድ ስለነበረው። ብልቃጦቹ ጽጌረዳ፣ ሰንደልና ምስክ ናቸው። ቀንዱ ውስጥ የጥርኝ ዝባድ ነበር።

ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኝን ቀን አልረሳም። ሰሙን አውርጄ ላቤን ስጠርግ አራቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ሌላ ልጅ ቢሆን "ይሸታል" ብሎ ይሄድ ነበር። እኔ ለያየኋቸው። አንዱ ከላይ ይመጣል፣ አንዱ ከሥር ይሳባል፣ አንዱ ይሞቃል፤ ዝባዱ ደግሞ አፍንጫን በጥፊ ይላል። ሰይድ ሁኔታዬን አይቶ ዓይኔን አስጨፍኖ አንድ በአንድ አስጠጋልኝ። ስማቸውን አንድ ጊዜ ነው የነገረኝ። ቦታ እየቀያየረ ቢፈትነኝም አንዱንም አልሳትኩም። ይህን እንኳ የሚያስተባብል ቢኖር ከመቃብር ይነሳ።

"ይህ አፍንጫ ነው ወይስ ዓይን?" አለ ሰይድ።

ከዚያ አንድ ጠብታ ሰንደል አንጓዬ ላይ አድርጎ ቆይ አለኝ። ላሸተው ስል እጄን ያዘው። በቅሎ እስኪጫን ያህል አስጠበቀኝና ለቀቀኝ። ብልቃጡ ውስጥ የነበረው ሌላ፣ አንጓዬ ላይ ያለው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ሳጥኑን እየዘጋ፣ "ብልቃጥ ውስጥ የምታሸተው የኔን ነው" አለኝ። "ቆዳ ላይ ከወረደ የሰውየው ነው። እኔ አላውቀውም።"

በዚያ ሰሞን የገበያ ቀን እንደኔ የደላው ልጅ አልነበረም። ሰይድ ገዢው እጅ ላይ ጠብታ ያደርጋል፣ ሰውየው ገበያውን ዞሮ ይመለሳል፣ እኔ አሽትቼ ምን እንደሆነ እናገራለሁ። ሰው ተሰብስቦ ይሰማኝ ነበር።

ከቆላ አሞሌ ጭኖ የመጣ አንድ ሰው ሰንደል ተቀባ። ስንት ዓመት ጨው ተሸክሞ ኖሮ ይሆን፤ ሰንደሉ በእጁ ላይ የጋለ ድንጋይ ላይ የወረደ የመጀመሪያ ዝናብ ሆነ። ነገርኩት። እጁን ሲያሸት ቆመና ሳይከራከር ገዛ። ከኒሯቅ ፍየል ይዞ የመጣ ሰውዬ ደግሞ ጽጌረዳ ካልሆነ አለ። ዞሮ ሲመለስ አሸተትኩና ፍየል ጽጌረዳ በልታለች አልኩ። ገበያው ሳቀ።

"ፍየሊቱስ ደስ ብሏታል?" አለኝ ሰውየው።

"በጣም።"

"እንግዲያው ጨምርልኝ።"

ጠላ ሻጯ ምስክ ሞከረች። ምስኩና ጌሾው ክንዷ ላይ ተጣሉ፤ ቆይተው ደግሞ ታረቁና ፀሐይ ላይ የተሰጣ እርጥብ ባና ሆኑ። አልወደደችውም። የሚገርመው ግን የቆዳ ፋቂው ነው። ሰው አጠገቡ መቆም የማይፈልገውን ሰው ሰይድ ጠርቶ ከቀንዱ በስንጥር ጫፍ ዝባድ ነካ አደረገለት። ያ በሁሉም ሰው ላይ እንደ ተበሳጨ አውሬ የሚሸተው ዝባድ በቆዳ ፋቂው አንጓ ላይ የበሰለ ሾላ ሆነ፤ ጣፋጭ፣ ሥጋ ያለው ሾላ። ይህን ስናገር ሰዎቹ ዋሸህ አሉኝ። ኑና አሽትቱ አልኳቸው። የመጣ የለም። እስከ ዛሬ የማዝነው ለነሱ አፍንጫ ነው።

በራሴ ላይ አራቱም ያምሩ ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ ደረስኩበት። ጋቢዬ ላይ የወደቀ ጠብታ ማታ ላይ ሳሸተው ብልቃጡ ውስጥ እንደነበረው ነው። በሳምንቱም እንደዚያው። ቆዳ ሽቶን ይከራከረዋል፣ ጨርቅ ግን የሰጡትን ይዞ ዝም ይላል። ለሰይድ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ሊያስተምረኝ ያሰበውን ቀድሜው ስለነበረ ትንሽ የከፋው መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ዕውቀት ለእቴቴ ማምጣት ፈለግሁ። አንድ ቀን ጣቴ ጫፍ ላይ ጽጌረዳ አስነክቼ፣ ጣቴን እንደ ተጎዳ ሰው ወደ ላይ ቀስሬ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄድኩ። አንጓዋ ላይ ቀባኋት። ሳቅ አለችና ተወችኝ። ቆየሁ። ዞር ብዬ ተመልሼ ሳሸት ጽጌረዳው የለም። ጢስ አለ፣ ሰም አለ፣ ከነሱ ሥር ደግሞ ማሰሮ ውስጥ የዋለ ውኃ የመሰለ ነገር አለ። ጽጌረዳው ግን እንዳልነበረ ጠፍቷል። በሌላ ቀን ሰንደል አመጣሁ። ጠፋ። ምስኩም ጠፋ። ገበያ ውስጥ ያልተረታ ምስክ እቴቴ አንጓ ላይ አንድ ከሰዓት አላደረም።

ምንጭ ዳር ሴቶች ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። ትርንጎን ሐዘን በላት፤ ለዛዋን ሁሉ ወሰደው ይሉ ነበር። ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሐዘን ከቆዳዋ ሥር ተቀምጦ የምሰጣትን ሽቶ ሁሉ እየበላባት ነው። ማታ ማታ እያየኋት ይህን አስብ ነበር። በጣም አሳዘነችኝ።

በዚያው መሐል የወልዱ ነገር መጣ።

ወልዱ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። በኛ አገር ቀፎ የሚከፍት ወንድ ነው ይባል ስለነበር ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሩን የሚቆርጠው እሱ ነው። የፍየል ሌጦ ተጠቅልሎ፣ ጠላውን ጠጥቶ ይመጣል፤ ንቡን በጢስ ያፍነዋል፤ እጭ ያለበትን ሰፈፍ ሳይቀር ገንጥሎ ያወጣል፤ ከማሩ እኩሌታውን ይዞ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት እሱ ከቆረጠ በኋላ ሁለት ቀፎ ንብ ተነሥቶ ጠፍቷል። ዘንድሮ እቴቴ አትምጣ አለችው። ማሬን ራሴ እቆርጣለሁ አለች።

ወልዱ ሽማግሌ ሰበሰበ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ሲነጋገሩ እኔ ከእቴቴ ኋላ ነበርኩ። ንቡ የወንድሜ ነው፣ ሴት ከያዘችው ያልቃል፣ ለኔ ይሰጠኝ አለ ወልዱ። እሷ ያለችው ጥቂት ነው፤ ቀፎዎቹን ባሏ በሕይወት ሳለም ስታጥንና ስትጠግን የነበረችው እሷ መሆኗን ተናገረች። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አባ ኃይሉ ነበሩ። ዘንጋቸውን መሬት ላይ አስተኝተው ፍርዱን ተናገሩ።

"ሰው እያየ አንድ ቀፎ ትክፈት። ማሩን ቆርጣ፣ ሳትሮጥ በእርምጃ ከተመለሰች ቀፎው ሁሉ የሷ ነው። ከሮጠች የወልዱ።"

"የሚከፈተውን ቀፎ እኔ ልምረጥ" አለ ወልዱ።

ፈቀዱለት። እሱም ከዳሱ ጫፍ ያለውን መረጠ። ቁጡው እንለው ነበር። በአጠገቡ ታስሮ የነበረ አህያ ገድሏል። ወልዱ ራሱ ማር በቆረጠባቸው ሁለት ዓመታት ሳይነካው ነው የሄደው። እቴቴ ስሙን ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም፤ የያዘችኝ እጇ ግን ጠበቅ አለ።

ቀፎ ከሌላት ምን እንደሚሆን እኔም አውቅ ነበር። ማሳዋ አያኖራትም። ወልዱ ቤት ገብታ ለሚስቱ ውኃ ስትቀዳ ትኖራለች፣ እኔም ወደ ፃግብጂ እመለሳለሁ።

ቆረጣው ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ ተቀጠረ። በነዚያ ቀናት ጭንቅላቴ እንደ ቀፎ ነበር። አሰብኩ፤ ንብ የሚወደው ምንድን ነው? አበባ። ከአበባ ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው? ጽጌረዳ። እቴቴ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ብትል ቁጡው ይቅርና ምን ንብ ይነድፋታል? ቆዳዋ እንደማይይዝ አውቃለሁ። ግን ጨርቅ ይይዛል! ይህን ያወቅሁት በራሴ ነበር፤ ከደስታዬ ብዛት ሌሊቱን አልተኛሁም።

በማግስቱ ሰይድ ዘንድ ሮጥኩ። ለአፍንጫዬ ሥራ ምንም አልሰጠኸኝም አልኩት። ሳቀና ከሥሩ ጥቂት የቀረበትን የጽጌረዳ ብልቃጥ እንዳለ ሰጠኝ። ለምን እንደፈለግሁት ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም።

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጥተው ከጓሮው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ወልዱ ቆሞ ነበር። እቴቴ ክንዷን እስከ ላይ ታጠበች፣ በገል ላይ ኩበት አጫሰች፣ ቢላዋዋንና ገበታዋን አዘጋጀች። ከሰሞኑ የኅዳር ጉንፋን ይዟት ስለነበር በአፏ ነው የምትተነፍሰው። ራሷን የምትሸፍንበትን ነጠላ እንዳመጣላት ላከችኝ። ገባሁ፣ ብልቃጡን ከነጠላው ጠርዝ እስከ ጠርዝ አፈሰስኩት፣ አምጥቼ ሰጠኋት። ተከናነበችው። ምንም አልሸተታትም።

ወልዱን ግን ሸተተው። አየሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

"ይቺ ሴት ማር ልትቆርጥ ነው ወይስ ልትዳር? ተቀባብታ ነው የመጣችው!"

"ምን?" አለች እቴቴ።

"የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ከነጋዴ ሽቶ ትገዢ ጀመርሽ?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እቴቴ አልገባትም፤ እጆቿን እያየች ቆመች። በዚያች ሰዓት የቁጡው ድምፅ ተለወጠ። ያደግሁበት ድምፅ ነውና አውቀዋለሁ፤ ማጉረምረሙ ቀጠነ፣ ወደ ላይ ወጣ። ገና ቀፎው ሳይከፈት ከአፉ ንቦች እየወጡ የነጠላዋን ጠርዝ ይዞሩ ጀመር። አንዷ ጨርቁ ላይ አርፋ ነደፈችው። ጨርቁን! ከዚያ ሁለተኛዋ። ከዚያ ብዙ።

ወዶ ማረፍ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

"እኔ ነኝ!" አልኩ። "ነጠላው ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አታውቅም!"

እቴቴ ዞር ብላ አየችኝ። ያ እይታ ብዙም አልቆየም። ነጠላውን ከራሷ ላይ አወረደችው። ለሐዘን የምትላጨውን ጠጉሯን ገና አላሳደገችም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ነጠላውን ጠቅልላ ወደኔ ወረወረችውና እንደ ወትሮዋ በዝግታ ተናገረች።

"ይዘኸው ሂድ። ወንዝ ድረስ።"

እንደዚያ ቀን የሮጠ ልጅ በዋግ ምድር አልታየም። ቁልቁለቱን በእግሬ አልወረድኩትም፤ ወደቅሁበት ማለት ይቀላል። ንቡ ከኋላዬ እንደ ጭስ ተከተለኝ። ጆሮዬን፣ ከንፈሬን፣ የዓይኔን ቆብ ነደፉኝ። ነጠላውን መጣል ቀላል ነበር፤ አልጣልኩትም። ወንዙ ጋ ስደርስ ነጠላውን ውኃ ውስጥ ደፍቄ ድንጋይ ጫንኩበት፤ እኔም ጭንቅላቴን ከጎኑ ደፈቅሁ። ብዙዎቹ ጠባቂ ንቦች ከኔ ጋር መጥተው ነበር ብዬ እስከ ዛሬ እናገራለሁ። ያን ያህሉን ከእቴቴ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ስመለስ የምታይልኝ አንድ ዓይኔ ብቻ ነበረች፤ እሷም በስንጥቅ።

እቴቴ ያለ ነጠላ፣ ያለ ሌጦ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ቁጡው ውስጥ አስገብታለች። ንቡ ክንዷን እንደ እጅጌ ለብሶታል። ጉንጯ ላይ ሁለት ንድፊያ አብጧል፤ ፊቷን አልጠረገችም። በኽምጣኛ የሆነ ነገር ታወራቸዋለች፤ ትኩሳት ሲይዘኝ ለኔ የምታወራው በዚያ ድምፅ ነበር። ቢላዋው ሲገባ አይሰማም። አንድ ሰፈፍ አወጣች፣ ንቡን በትንፋሿ እፍ እያለች መለሰችው። ሁለተኛ አወጣች። እጭ ያለበትን አልነካችም። የቀፎውን ክዳን ገጠመች፣ ዳሩን በጭቃ መረገች፣ ገበታዋን አንሥታ ዞረች።

ከዳሱ እስከ ሽማግሌዎቹ ያለው መንገድ አጭር ነው። እሷ ረጅም አደረገችው። አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው። አንዲት ንብ አንገቷ ላይ እየሄደች ነበር። ነደፈቻት፤ አየሁት፤ ትከሻዋ ትንሽ ተነሣና ወረደ። እርምጃዋ አልፈጠነም። ገበታውን አባ ኃይሉ እግር ሥር አስቀምጣ ቀና አለች።

አባ ኃይሉ ከነጩ ማር ቆርሰው አፋቸው ውስጥ አስቀመጡና ማላመጥ ጀመሩ።

"ሮጧል!" የሚል ድምፅ መጣ። ወልዱ ነው። "ከቤቷ ሰው ሮጧል። ልጁ የሷ ነው። ሁላችሁም አይታችኋል።"

አባ ኃይሉ ማላመጣቸውን አላቋረጡም። ሰሙን ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አዩት።

"ወልዱ፣ የምትጮኸው ከየት ሆነህ ነው?"

ሁላችንም ዞረን አየን። ወልዱ ከአጥሩ ውጪ ነበር። ንቡ ሲነሣ መቼ ዘሎ እንደወጣ ያየው የለም። ራሱን በኩታው ጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

"በሮጠ የሚፈረድ ከሆነ" አሉ አባ ኃይሉ "ልጁስ ተመልሶ መጥቷል።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ፊቱን ያዞረው ሳይቀር። ወልዱ ገብቶ ከማሩ እንዲቀምስ ጠሩት። አልገባም። ቀፎው የትርንጎ ነው ብለው መርቀው ተነሡ፤ እቴቴ ለያንዳንዳቸው ሰፈፍ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠች፤ ለወልዱም ድርሻውን ለይታ ላከችለት።

ለኔ ግን ሦስት ቀን ስለ ነገሩ ምንም አላለችኝም። ፊቴን በቅቤ ታሸዋለች፣ ታጎርሰኛለች፣ ዝም ትላለች። ይህ ከንድፊያው ይብስ ነበር። በአራተኛው ቀን ሁለቱም ዓይኖቼ ሲከፈቱ ራሴ ጠየቅኋት።

"እቴቴ፣ ንብ አበባ አይወድም እንዴ?"

"አበባ ሜዳ ላይ ነው" አለችኝ። "በቤታቸው ደጅ ሌላ ነገር እየሸተተ የሚመጣ ሌባ ነው።"

"ሽቶ አንቺ ላይ የማያድረው ታዲያ ሐዘኑ እየበላው አይደለም?"

እጇ ላይ የነበረውን ቅቤ እንደያዘች አየችኝ። ከዚያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች፤ እስኪያስላት ድረስ።

"ምን ሐዘን? በቀባኸኝ ቁጥር አንተ ዞር ስትል በአመድ እታጠበው ነበር እንጂ። እንዳይከፋህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።"

ያን ሁሉ ሳምንት እንደዚያ ነበር። የገበያውን ቆዳ ሁሉ ያነበብኩ ሰው አጠገቤ ያለውን የአመድ ጉድጓድ አላየሁም። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያውቀው ነው፤ ሌላው ቢሆን ይደብቀው ነበር።

በዚያው ቀን ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። አመዱን በውኃ በጥብጣ ክንዴን እስከ ብብቴ አጠበችኝ። ጽጌረዳው፣ ሰንደሉ፣ ምስኩ፣ ከቆዳዬ ሥር ተደብቆ የነበረው ሁሉ እስኪወጣ አሸችኝ። ከዚያ የማላውቀውን ቅጠል ጨምቃ ቀባችኝና እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው።

"አሽትት። ምን ይሸታል?"

አሸተትኩ። ጠበቅሁ። ደግሜ አሸተትኩ።

"ምንም።"

"አሁን ደህና ሆነሃል" አለችኝና ከዳሱ ሥር ካለው ለስላሳው ቀፎ ፊት አቆመችኝ። እጄን አፉ ላይ አደረግሁ። አንዲት ንብ ወጣች፣ አንጓዬ ላይ ወጥታ ቆመች፣ እስከ ክርኔ ሄደች፣ ተመልሳ ገባች። ትንፋሼን ይዤ ነበር። እቴቴ ከኋላዬ ሆና ቢላዋውን በእጀታው በኩል ሰጠችኝ።